የታሪክ ክበብ ዘንድሮ፦ ከቀለበቱ እስከ ስድስት ኪሎው ደረጃ

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልመልስ። ጥቅምት ላይ የዓመቱ ርእሳችን የጣሊያን ፋሺስቶች ፕሮፓጋንዳ መሆኑን ስናሳውቅ፣ "ዓድዋን ማስተማር ሲገባ የሙሶሊኒ ፕሮፓጋንዳ ለልጆቹ ምን ያደርግላቸዋል?" ያሉኝ ወላጆችም መምህራንም ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኛል። ልጆቻችን የካቲት 23ን በደንብ ያውቃሉ። የማያውቁት ያው ድል ጣሊያን አገር ምን እየተባለ ሲወራ እንደኖረ ነው።

እዚያ ዓድዋ ደሙ ያልተመለሰ ውርደት ነበር። ፋሺስቶቹ የጥንቷን ሮማ ገናናነት ጨመሩበት። መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሰገነት ላይ ወጥቶ "ከኢትዮጵያ ጋር 40 ዓመት ታግሰናል፤ አሁንስ በቃ!" አለ። በማግስቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ። በአራተኛው ቀን ዓድዋ ገባ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ደ ቦኖ መንገዱና ስንቁ ሳይደራጅ አልገሰግስም ሲል፣ ሮም ፈጣን ድል ፈልጋ ነበርና ሁለት ወር ሳይሞላው ከአዛዥነቱ ተነሣ፤ በቦታው ባዶሊዮ ተተካ። "ሥልጣኔ ልናደርስ ነው" ለተባለው የጣሊያን ሕዝብ ደግሞ ጦሩ ኢትዮጵያ ላይ የተጠቀመበት የመርዝ ጋዝ ነገር ተደበቀ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው ዓድዋ 100 ዓመት በሞላበት በ1988 ነው።

ይህን ሁሉ በ11 ስብሰባ ሸፈንን። ሦስት ስብሰባ መብራት ጠፍቶ ቀርቶብናል። ከተመዘገቡት 40 ልጆች ፈተና ሲደርስ የቀሩት 23 ናቸው።

ታኅሣሥ ላይ ግን አንድ ክርክር አደረግን። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 የጣሊያን ሴቶች ለጦርነቱ የጋብቻ ቀለበታቸውን ሰጡ። ንግሥት ኤሌና ቀደመች። በወርቁ ፋንታ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። "እናንተ ብትሆኑ ትሰጡ ነበር?" አልኳቸው። ሁሉም "በፍጹም!" አሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ብቻ ዝም አለች። ከአያቷ የወረሰችውን ቀጭን ቀለበት ጣቷ ላይ ስታዞር ቆየች። በኋላ "ቲቸር፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ሲሰጡ ባይ እኔም እሰጥ ነበር" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሚያዝያ ላይ ስድስት ኪሎ ሄድን። የየካቲት 12 ሐውልትን አይተን አሁን ሙዚየም ወደሆነው ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ገባን። ሙዚየሙ ደጃፍ ጣሊያኖች የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት ነው። ወደየትም አያስገባም። ጫፉ ላይ ከነጻነት በኋላ የተቀመጠ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አለ። ያቺው ልጅ በጣቷ እየጠቆመች አንድ በአንድ ቆጠረችና ዞር ብላ "ሙሶሊኒ ራሱስ አምኖበት ነበር?" አለችኝ።

ቆመን ስለ ግሪክ ነገርኳቸው። በኢትዮጵያው ድል ሰክሮ ጥቅምት 18 ቀን 1933 ግሪክን ወረረ። ቀኑ ፋሺስቶች ወደ ሮም የዘመቱበት መታሰቢያ ነበር። ወታደሩ ለተራራው ብርድ የሚሆን ልብስ እንኳ አልነበረውም፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ አልባኒያ ተመልሶ ተገፋ። ለሌላው ያወራውን ራሱም አምኖት ነበር ማለት ነው። ልጅቷ ደብተሯን ደረጃው ሥር አስደግፋ ስትጽፍ ሳያት ዕንባ ተናነቀኝ። 18 ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ቀን ብዙ አላየሁም።

ለዚያ ቀን የመኪናውን ግማሽ የከፈሉት አንድ ወላጅ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የቀረውን እኛ አዋጥተን ሞላን። ፎቶኮፒውም ከኪሳችን ነው። የስፖርት ክበቡ ማልያ ሲገዛለት ከልቤ ደስ ብሎኛል። ለእኛ ግን ሁለት ዓመት የተባለው ፕሮጀክተር እስካሁን የለም። ለከርሞ አንድ ፕሮጀክተርና የሁለት ጉብኝት ትራንስፖርት ብቻ ነው የምንጠይቀው።

የልጅቷ ጽሑፍ ሚኒ ሚዲያው በር አጠገብ ተለጥፏል። ሰሌዳው መስታወት የለውም፤ ክረምቱ ሳይገባ ሄዳችሁ አንብቡላት።