አላይመንት የማይጸናው ቡሎኑ በአየር ላይ ስለሚጠብቅ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ በጎጃም ጋራዦች ደጃፍ የሚሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፤ «አላይመንት ካሠራሁ ወር አልሞላኝም፣ ጎማዬ ግን ባንድ ጎኑ ተላጨ»። አላይመንት የጎማዎቹን አቅጣጫና መጋደል ልክ ማስያዝ ነው። ጥፋቱ ወዲያው በመንገዱ ይሳበባል። መንገዱ ንጹሕ ነው አንልም። ከጎሃ ጽዮን ወይም ከደጀን ተነሥቶ የዓባይን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የወረደ መኪና የፊት ብራቾዎቹ ምን እንደሚሸከሙ እናውቃለን። ሆኖም ከጉድጓድ ባላነሰ ቦኮላ የሚጨርስ ስሕተት እዚያው ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ የጻፍነውም ስለ እሱ ነው።

ብራቾ ስንል ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ ነው፤ አንዳንዱ ኮንትሮል አርም ይለዋል። በሻሲው በኩል ቦኮላ፣ በጎማው በኩል ቴስቲና፣ ማለትም በኳስ የሚዞር መገጣጠሚያ፣ አለው። ቦኮላው በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጠኛው ቀለበት ከሻሲው ጋር ይነከሳል። ከዚያ ወዲያ ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች ባለ ቁጥር የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። እንግዲህ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ጨርሶ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ የተንጠለጠለበትን ቦታ እንደ ዕረፍቱ ይይዘዋል። መኪናው መሬት ሲነካ ብራቾው ይነሣል፤ ቦኮላው ቆሞ ሳለም ተጠማዝዞ ይውላል፣ ተጠማዝዞ ያድራል። ጉድጓድ ሲጨመርበት ከቀለበቱ ይላቀቃል ወይም ይቀደዳል። ቦኮላው ከለቀቀ በኋላ ማሽኑ ያሳየው ዲግሪ ሁሉ ከወረቀት አያልፍም፤ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ጎማው ወደፈለገው ይዞራል።

መድኃኒቱ አንድ የመለኪያ ሜትር ብቻ ይጠይቃል። ምንም ነገር ሳይፈታ፣ መኪናው ያለጭነት በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ የጎማው ነፋስ ልክ ሆኖ፣ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት እምብርት) መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ጠርዝ ይለካል። 500 ሚሊ ሜትር ከሆነ «500» ተብሎ እዚያው በጠመኔ ይጻፍ። አዲሱ ዕቃ ሲገጠም ቡሎኖቹ በእጅ ያህል ብቻ ይያዙ። ቀጥሎ ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ሥር፣ ወደ ጎማው አስጠግቶ፣ ልኩ እንደገና 500 እስኪሆን ማንሣትና ያን ጊዜ ማጥበቅ ነው። የጥገና ጉድጓድ ወይም ራምፕ ያለው መኪናውን በእግሩ አቁሞ፣ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ነድቶ ከሥር ማጥበቅ ይችላል። እንዲያውም ይህ ይሻላል። ሞላው ተቀይሮ መኪናው ከፍ ካለ የድሮው ልክ አይሠራም፤ መሬት አውርዶ እንደገና መለካት ነው።

ወደሚስተካከለው፣ ማለትም ርዝመቱ ወደሚለወጠው ብራቾ እንምጣ። ይህ ዕቃ ለሁሉም መኪና አይደለም። በቪትዝ ወይም በኮሮላ የፊት ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው መጋደል፣ በአንድ ወገን ብቻ ከተዛባ መጀመሪያ የሚፈለገው የተጣመመ ነገር ነው፤ ብራቾ፣ ሾክ አብዞርበር ወይም ራሱ ሻሲው። የተጣመመ ብራቾ በኦክስጅን አግሎ ማቃናትም ጥንካሬውን መግደል ነው። ሃይሉክስ ወይም ፕራዶ የፊቱ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሲደረግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የካስተር ዲግሪው፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያለው መጋደል፣ ይቀንሳል፤ ካምበሩም ከቦታው ይሄዳል። በታችኛው ብራቾ ላይ ያሉት ካም ቡሎኖች (ሲዞሩ ብራቾውን የሚገፉ ቡሎኖች) እስከ ጥግ ዞረውም ሁለቱን አንድ ላይ ለማምጣት ያቅታቸዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከኩርባ በኋላ መሪው ራሱን አይመልስም፣ በቀጥታውም መንገድ መኪናው ይቅበዘበዛል። የሚስተካከል የላይኛ ብራቾ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሲገዛ ዓይን ማረፍ ያለበት ጫፉ ላይ ነው። ላስቲክ የሌለው፣ ኳሱ ራቁቱን የሚታይ መገጣጠሚያ ለውድድር መኪና የተሠራ ነው። የበጋው አቧራና የመረሬው ጭቃ እንደ ሞረድ ይበሉታል። የተሸፈነ ቴስቲናና የላስቲክ ቦኮላ ያለው ይመረጥ። ቦኮላው ፖሊዩረቴን (ላስቲክ መሰል ጠንካራ ፕላስቲክ) ከሆነ አብሮት የሚመጣው ግራሶ ይቀባል። ተራ ላስቲክ ግን ዘይትም ግራሶም አይነካው፤ ያብጣል።

ሥራው በዋዜማው ይጀምራል፤ ቡሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ የዝገት ማላቀቂያ ረጭቶ ማሳደር ነው። ካም ቡሎኖቹ የቆሙበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለምና መኪናው ሻሲው ላይ በብረት ማቆሚያ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎቹም ይታገዱ። የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው ከብራቾው ላይ ይለቀቁ። የቴስቲናው ዳዶ (የሚያጠብቀው ነት) ላላ ብሎ ጥቂት ጥርስ እንደያዘ ይቆይ፤ መዶሻው የሚያርፈው ቴስቲናው የገባበት ብረት ጎን ላይ ነው፣ የቴስቲናው ጫፍ ላይ አይደለም። በሹካ መሰል ማላቀቂያ ብረት መፈልቀቅ የሚፈቀደው ለሚጣል ቴስቲና ብቻ ነው፣ ላስቲኩን ይቀደዋልና። ቴስቲናው ሲለቅ ሞዞው በጠንካራ ሽቦ ወደ ላይ ይታሰር። በፍሬን ቱቦ ተንጠልጥሎ ከቆየ ቱቦው ከውስጥ ሊጎዳ ይችላል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይበትም።

ብራቾው በቡሎን ጥርስ እየዞረ የሚረዝም ከሆነ አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ተኝተው ከቡሎኑ ቀዳዳ መሀል እስከ ቴስቲናው መሀል ይለኩ፤ እኩል ማድረግ መነሻው ነው። የጥርሱ እርከን (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጫፉን አንድ ዙር ማዞር ያንኑ ያህል ያራዝመዋል። በላይኛውና በታችኛው ቴስቲና መካከል 300 ሚሊ ሜትር ባለበት መኪና ይህ 0.3 ዲግሪ ያህል ካምበር ነው። ውስጥ የሚቀረው ጥርስ ከዘንጉ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ እንዳያንስ፤ 16 ሚሊ ሜትር ለሆነው 24 ማለት ነው። የቴስቲናው ዳዶ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ከጠበቀ በኋላ የመቆለፊያው ሽቦ ቀዳዳ አልገጥም ካለ ጥቂት ይጨመርበታል እንጂ ወደኋላ አይመለስም።

አላይመንቱ ቅደም ተከተል አለው። የኋላው ይቀድማል፤ ከፊት ካስተር፣ ከዚያ ካምበር፣ መጨረሻ ላይ ቶ። ቶ ማለት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው፤ ሌሎቹ በተነኩ ቁጥር እሱም ስለሚዞር ቀድሞ ማስተካከል ልፋት ነው። ብዙ ቦታ ቶ ብቻ ተነክቶ የሙሉ አላይመንት ሒሳብ ይጠየቃል። ደንበኛ ከሥራው በፊትና በኋላ የተወሰደውን ወረቀት ይጠይቅ። «ካሙ አይዞርም» ከተባለም ቡሎኑ ከቦኮላው ቀለበት ጋር ዝጎ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ መቆረጥ አለበት እንጂ ባለበት አይታለፍም።

የቶ ስሕተት ዋጋው እንዲህ ይሰላል። 700 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ ፊቱና ኋላው በ3 ሚሊ ሜትር ከተለያየ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ4 ሜትር በላይ ወደ ጎን ይፋቃል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያ ጎማ እዚያ እስኪደርስ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ በጎኑ ተጎትቷል። መዳፍን በጎማው ጥርስ ላይ አግድም ማስኬድ ይህን ይናገራል፤ በአንድ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከቧጠጠ ጥፋቱ የቶ ነው። አንድ ጠርዝ ብቻ ለስልሶ ካለቀ ካምበር፣ ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ የነፋስ ማነስ።

ማሽን በሌለበት ከተማ ቶና ካምበር በእጅ ይለካሉ፤ ካስተር ግን ማሽን ይፈልጋል። ወለሉ በግልጽ ቱቦ ውሃ ይመጣጠን። በመኪናው ግራና ቀኝ በሞዞው ከፍታ ትይዩ የናይለን ክር ተወጥሮ ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ ይለካ። ለካምበር ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር በቸርኬው ፊት ይንጠልጠል፤ 400 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቸርኬ በላይና በታች ጠርዝ መካከል የ7 ሚሊ ሜትር ልዩነት 1 ዲግሪ ነው። ቶ ሲስተካከል ሁለቱም የመሪ ዘንጎች እኩል ይዙሩ፤ አንዱ ብቻ ከዞረ መሪው ተጣሞ ይቀራል።

በመጨረሻም በየመቆለፊያ ዳዶውና በብራቾው ላይ ተሻጋሪ የቀለም መስመር ይሰመር። 1,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ፣ ወይም ዓባይን ደርሶ መልስ በተሻገረ ማግስት፣ ከሥር ገብቶ ማየት ነው፤ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ከታየ ዳዶው ዞሯል፣ አላይመንቱም እንደገና ይለካል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ጥገና ሠራተኞች፣ ከደብረ ማርቆስ