እርከኑን የሚያፈርሰው ልቅ ግጦሽ ነው

ክቡር አዘጋጅ፦

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የጎጃም ገበሬ ዶማውን ይዞ በነጻ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፤ ካሜራም አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ግን ከጮቄ ተራራ የሚነሡት የሙጋ፣ የጨሞጋና የተምጫ ወንዞች አሁንም አፈራችንን ጠርገው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ጉልበት አልጎደለም፤ ጥፋቱ የልቅ ግጦሹ ነው። ማኅበረሰቡ ተዳፋቱን ከከብት ከልሎ ሣሩን እያጨደ ሲመግብ የጓሳ ሣሩና የአስታ ቁጥቋጦው ብዙ ጊዜ ያለ ችግኝም ያገግማል። ደንቡን የሚያስከብሩት ደግሞ ከቀበሌ ማኅተም ይልቅ የአገር ሽማግሌዎች ናቸው፤ የባለጸጋው በሬ ሲገባ ዝም ካሉ ግን ደንቡ ያኔውኑ ሞተ። መሬት የሌላቸው ወጣቶችም ከሣሩ ድርሻ ይሰጣቸው፤ ያለዚያ ለምን ብለው ይጠብቁታል? የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ችግኝ ቁጥር ይንገሩን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ