ቡንድን በርሊን አልላከችውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ኒውዮርኩ የናዚዎች ስብሰባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ እዚሁ ከተማ ታክሲ ነጂ ነኝ። ስብሰባው የተደረገበት አዳራሽ በነበረበት በስምንተኛው ጎዳና፣ በ49ኛውና በ50ኛው መንገድ መካከል፣ ሳላልፍ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። (ከጽሑፉ ጋር የታተመው ፎቶ የዛሬው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነው። የድሮው ፈርሷል፤ የተወረሰው ስሙ ብቻ ነው።) ብዕር ያስነሣኝ ግን ፎቶው አይደለም። ጸሐፊው ነገሩን «የሂትለር ረጅም እጅ» ማለታቸው አልዋጥ ብሎኝ ነው።

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1939 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሰው አዳራሹን የሞላው የጀርመን አሜሪካውያን ቡንድ በተባለ ማኅበር ጥሪ ነው። ከመድረኩ ጀርባ የተሰቀለው የሂትለር ሳይሆን የጆርጅ ዋሽንግተን ግዙፍ ምስል ነበር፤ ዙሪያውን የአሜሪካ ባንዲራና ስዋስቲካ። መሪው ፍሪትዝ ኩን ሙኒክ የተወለደ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ፣ ሜክሲኮ ቆይቶ አሜሪካ የገባ፣ ዲትሮይት ፎርድ ዘንድ በኬሚስትነት የሠራ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘውም ገና በ1934 የሆነ ሰው ነው። በ1936 በርሊን ሄዶ ከሂትለር ጋር ፎቶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ይንጎራደድ ጀመር።

በርሊን ግን አልሾመችውም። የጀርመኑ አምባሳደር ሃንስ ዲክሆፍ የዚህ ማኅበር ጩኸት ለጀርመን ጠላት ከማፍራት በቀር ፋይዳ የለውም እያሉ ለመንግሥታቸው ይጽፉ ነበር። በ1938 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የናዚ መንግሥት ራሱ የጀርመን ዜጎች ከቡንድ እንዲወጡ አዘዘ። የጋርደኑ ስብሰባ የተጠራው ከዚህ ትእዛዝ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው።

የቡንድ አባላት በብዛት ከጦርነቱ በኋላ ተሸንፋ ከተራበች አገር የመጡ፣ ጎጆ ሳይቀልሱ በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት የደረሰባቸው ነበሩ። ማኅበሩ ቅዳሜና እሁድ የሚሄዱበት ሰጣቸው። ሎንግ አይላንድ፣ ያፋንክ ላይ ካምፕ ሲግፍሪድ የሚባል ሰፈር ነበረው፤ ቢራው፣ ዘፈኑ፣ የልጆቹ ሰልፍ ሁሉ እንደ አገር ቤት፣ ከመንገዶቹም አንዱ በሂትለር ስም የተሰየመ። የአገር ናፍቆት ሰውን የት ድረስ እንደሚወስድ ለእናንተ አንባቢዎች አላስረዳም።

ከእነርሱ በፊት የመጡት ጀርመኖች በሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር። የቡንድ አባላት በ25 ሺህ ገደማ ነው የሚገመቱት። ብዙኃኑ ታዲያ ለምን ዝም አለ? በአንደኛው ጦርነት ጊዜ ጀርመንኛ ከየትምህርት ቤቱ ሲወጣ፣ ሰው የአባቱን ስም ሲቀይር አይቷል። በ1918 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ኮሊንስቪል፣ ሮበርት ፕራገር የተባለውን ጀርመናዊ ስደተኛ መንጋ ሰቅሎ ገድሎታል። አንገት መድፋት የተማሩት ያኔ ነው።

ዝም ያላለም አለ። በ1933 የቡንድ ቀዳሚ የነበረው ቡድን መሪ ሃይንዝ ሽፓንክኖብል የጀርመንኛው ጋዜጣ፣ የኒውዮርከር ሽታትስ ሳይቱንግ፣ ቢሮ ገብቶ ለናዚዎች የሚያደላ ጽሑፍ ይውጣ ብሎ ሲያዝ የጋዜጣው አሳታሚ ቪክቶር ሪደር ከቢሮው አባረረው። ጋዜጣ ሆናችሁ ይህን ሰው መዝለላችሁ ገርሞኛል።

«ረጅም እጅ» የሚለው ቃል ከተፈለገ ለሌላ ይስማማል። በዲሴምበር 1935፣ የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን እየወጋ ሳለ፣ በዚያው አዳራሽ የኒውዮርክ ጣሊያኖች ተሰብስበው ለጣሊያን ቀይ መስቀል ገንዘብ አዋጥተዋል። በየከተማው ሴቶቻቸው የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ለሮም ሰጥተዋል። ሮምም አትምጡብኝ አላለችም፤ ተቀበለች። ከንቲባ ላጓርዲያ እንኳ ከታዳሚዎቹ አንዱ ነበሩ፤ እኒያ ሂትለርን አምርረው የሚጠሉት፣ እናታቸው አይሁዳዊት የሆኑት ላጓርዲያ! የጣሊያን መራጭ ድምፅ ቀላል ነገር አልነበረም መሰለኝ።

ሁለት እርማት እለምናለሁ። «አንድ ረባሽ» ብላችሁ ያለፋችሁት አይዛዶር ግሪንባም የተባለ የ26 ዓመት የብሩክሊን የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ኩን ሲናገር መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣ፤ ዩኒፎርም የለበሱት የቡንድ ጠባቂዎች ደበደቡት፤ ፍርድ ቤት 25 ዶላር የቀጣው ግን እርሱን ነው። ኩንም የታሰረው በስለላ አይደለም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የተፈረደበት የገዛ ማኅበሩን ገንዘብ በመብላት ነው። ቡንድ «ገንዘቡን እንደፈለገ ማድረግ የመሪው ሥልጣን ነው» ብሎ ቢከራከርለትም ሲንግ ሲንግ ወህኒ ቤት ወረደ።

አንባቢያችሁ፣ ከብሮንክስ