«25 ሚሊግራም ማንንም አይጎዳም» ያላችሁትን አርሙልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት እንቅልፍ ለማግኘት የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ስለሚውጡ ሰዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ፈልጌ አይደለም ያገኘሁት። ጎረቤታችን ስልካቸውን ይዘው ቤት ድረስ መጡና «ይኸው አንብቢው፤ ምንም አያደርግም ይላል» ብለው ሰጡኝ። በጣታቸው ያሳዩኝ ቦታ እንዲህ ይላል፦ «አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም አነስተኛ መጠን ስለሆነ ማንንም አይጎዳም።» እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ባለ አራት እግር መደገፊያዋ ፊቷ ቆሟል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በሌላው ላይ ብዙ አልልም። ጫት ቅመው ምርቃናውን ለመስበር ዲያዚፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ኪኒን ስለሚውጡ ወጣቶች የጻፋችሁት እውነት ነው፤ እኛም ሰፈር አሉ። ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንዲት እናት፣ አንድ ሽማግሌ አላናገራችሁም። እኔ የማውቃቸው የአሚትሪፕቲሊን ተጠቃሚዎች ግን ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሰዎች ናቸው። እነሱ የት ሄዱ?

የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። 71 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አላት። «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» ትላለች ጠዋት ጠዋት። ጎረቤታችን አዘኑላትና ከራሳቸው የአሚትሪፕቲሊን ኪኒን አካፈሏት። ለእሳቸው ሐኪም ያዘዘላቸው ስኳር በሽታ እግራቸውን ስለሚያቃጥላቸው ነው። ክፋት የለበትም፤ ሰው ያለውን ነው የሚያካፍለው። ሲያልቅ ደግሞ ከአንድ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ተገዛላት። የገዛሁት እኔ ነኝ። በትንሽ ፖስታ አድርገው ሰጡኝ። ላዩ ላይ «ማታ 1» ተብሎ ተጽፏል። የመድኃኒቱ ስም እንኳን አልነበረበትም።

እናቴ ተኛች። ደስ አለን። ትንሽ ቆይታ «አፌ ደረቀ» ማለት አመጣች። ዓቢይ ጾም ስለነበር ጾሙ ነው አልን። ሆዷ ደረቀ። ውኃ ስለማትጠጪ ነው አልናት። አንድ ቀን ጠዋት እኔን በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። እርጅና መጣ ብለን ከወንድሜ ጋር ተላቀስን። ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረን፤ ኪኒኑን ግን አንዳችንም አላሰብነውም። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ኪዳን ለማድረስ ከአልጋዋ ብድግ ስትል ዞረባትና ወደቀች። የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ።

ሆስፒታል ስንደርስ «ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» ተባልን። «የደም ግፊት ብቻ» አልን። አልዋሸንም። የእንቅልፍ ኪኒን ለእኛ መድኃኒት አልነበረም። ነገሩ የታወቀው አንዲት ነርስ ያቺን ፖስታ ቦርሳዬ ውስጥ አይታ ስትጠይቀኝ ነው። ከዚያ ሐኪሙ አስቀምጠው አስረዱኝ። የሰማሁትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ዘገባችሁ ውስጥ መኖር የነበረበት እሱ ነውና።

አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነው። በአሜሪካ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ የቆየ መድኃኒት ነው፤ እዚያም የተፈቀደው ለድብርት እንጂ ለእንቅልፍ አይደለም። እንቅልፍ የሚያመጣው አንጎልን ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርገውን ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚያግድ ነው፤ ልክ እንደ ድሮዎቹ የአለርጂ ኪኒኖች። ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉበትን አሴቲልኮሊን የሚባለውን ንጥረ ነገርም ያግዳል። አፍ የሚደርቀው፣ ሆድ የሚደርቀው፣ ሽንት እምቢ የሚለው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ሰው የሚያምታታው በዚህ ነው። በዚያ ላይ ከተኙበት ሲነሱ የደም ግፊት ድንገት ይወርዳል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ማታ 3 ሰዓት የተዋጠ ኪኒን ለኪዳን ሲነሱም ገና ደም ውስጥ ነው።

ታዲያ ያ «ጾም» ያልነው፣ ያ «እርጅና» ያልነው ይኸው ነበር። ኪኒኑ በሐኪም ከቀረላት በኋላ እናቴ በስሜ መጥራቷን ቀጥላለች። ያ ሁሉ ለቅሶ!

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገራችሁ ልመለስ። 25 ሚሊግራም ትንሽ ነው ስትሉ ከምን ጋር አስተያይታችሁ ነው? ለድብርት ከሚሰጠው ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም አንጻር ከሆነ፣ አዎ፣ ትንሽ ነው። ግን 25 ሚሊግራም ሰው ለማስተኛት ከበቃ ለማዞርም ይበቃል። የሚያስተኛው ሌላ፣ የሚጥለው ሌላ ኪኒን አይደለም። «ማንንም» የሚለው ቃል ደግሞ ከየት መጣ? ማርክ ቢርስ የሚባሉ አሜሪካዊ የአረጋውያን ሐኪም በ1991 እ.ኤ.አ. ለአዛውንት የማይመቹ መድኃኒቶችን ዝርዝር አውጥተው ነበር። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ዝርዝሩን እያደሰ በ2023ም አውጥቶታል። አሚትሪፕቲሊን እዚያ ላይ አለ። ዕድሜው 65ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ባይሰጥ ይመረጣል ይላል። ዘጋቢያችሁ አንድ ሐኪም ደውሎ «ለአዛውንትስ?» ቢል ኖሮ ይህን ያገኘው ነበር። አንድ ስልክ ነው ያቃተው።

መድኃኒቱን አልጠላሁም። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ጎረቤታችን በእሱ ነው እግራቸው ያረፈው። ድብርት የያዘው ሰው በእሱ ሊሻለው ይችላል፤ ማይግሬን ያለበትም እንዲሁ። ለዚህ ነው ከዲያዚፓም ጋር አንድ ላይ ደርባችሁ «ሱስ የሚያስይዙ» ማለታችሁም ያናደደኝ። ዲያዚፓም ጥገኛ ያደርጋል፤ በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበትም ለዚህ ነው። አሚትሪፕቲሊን እንደዚያ አይደለም። እናንተን አንብቦ ፈርቶ የታዘዘለትን በአንድ ቀን የሚያቆም ሰው ግን ይታመማል፤ ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ነው የሚቀነሰው። ይህንንም አልጻፋችሁም። ዘገባችሁ መፍራት የሌለበትን አስፈርቶ፣ መፍራት ያለበትን አበረታቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘጋቢያችሁ የትኛው ኪኒን እንደሚሻል ብዙ ጠይቋል። ሰዎቹ ለምን እንቅልፍ እንዳጡ አልጠየቀም። እኛም እናታችንን አልጠየቅናትም። ያቺ ነርስ ናት የጠየቀቻት። «ቡና ስንት ሰዓት ነው የሚጠጡት?» አለቻት። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ እስከ በረካ። ቀጥላ ስለ አባቴ ጠየቀቻት። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ጎኗን ማሳረፍ እንደምትፈራ፣ ባዶውን የአልጋ ጎን ስታየው ልቧ እንደሚመታ ነገረቻት። ለእኛ ነግራን አታውቅም። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ለከረመ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ የሚሰጠው ኪኒን ሳይሆን በንግግርና ልማድን በማስተካከል የሚሰጥ ሕክምና ይሁን ብሏል። ይህን ሕክምና እዚህ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ቡናውን ወደ ጠዋት ማምጣትና አልጋውን ወደ ሌላው ግድግዳ ማዞር ግን ምንም አላስከፈለንም። አሁን አንዳንድ ሌሊት ትተኛለች፣ አንዳንዱን ሌሊት ደግሞ ዳዊት ስትደግም ይነጋል።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙ። እርማቱን የመጀመሪያው ዘገባ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው ፊደል መጠን አውጡት፤ ታች ጥግ ላይ አትሸጉጡት። ጎረቤታችን አሁንም ኪኒናቸውን ለሌላ ሰው ያካፍላሉ፤ እኔን አይሰሙኝም፣ እናንተን ግን ያምናሉ። ሲወጣ ስልኬን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ