የእማማ አባት በጋዜጣ

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማማስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ጣሊያን፣ ቶሪኖ ብርዱን ጀምሮታል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በቴሌግራም የላኩልኝ ፎቶ ብዙ ነገር አወጣ። እስካሁን ጣሊያናዊውን የእማማን አባት ስፈልግ የማውቀው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ነበር፤ እዚህ አገር ደግሞ በዚያ ስም የሚጠራው ስፍር ቁጥር የለውም። ከፎቶው ጀርባ ላይ ግን የቤተሰቡ ስም አለ። ከሥሩም ኩኔዮ አካባቢ ያለች የአንዲት መንደር ስም በእርሳስ ተጽፏል።

ባዳንቴ (የአረጋውያን ተንከባካቢ) ሆኜ የምጦራቸው አሮጊት ድሮ አስተማሪ ነበሩ። ቶሪኖና ኩኔዮ ያሉበት የፒዬሞንቴ ክልል የየከተማውን የድሮ ጋዜጣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንደሚያስነብብ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲተኙ እኔ ስልኬ ላይ ነኝ። የገጠር ጋዜጣ እኮ ደስ ይላል! የከብት ገበያው፣ የቄሱ ስብከት፣ ብስክሌት የጠፋበት ሰው ማስታወቂያ፣ ሁሉም አለ። መሃል ላይ አፍሪካ የዘመቱ ልጆች ለወላጆቻቸው ሰላምታ የሚልኩባት ጠባብ አምድ ነበረች። እዚያ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. 1939፣ ጅማ፣ የካሚዮን ሹፌር። ሁለት መስመር ብቻ። በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ የመንደሩ ልጅ መጀመሪያ አወዛግቦኝ ነበር፤ እሱ ግን ግንበኛ ነው፣ ሰላምታውም ከአስመራ ነው የተላከው።

ስለ እማማ እናት ትንፍሽ አላለም። ቢፈልግስ የት ያወጣዋል? እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የፋሺስት አዋጅ፣ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያን ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሳስር ነበር። በ1940 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣና ከሐበሻ የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ከለከለው። እማማ የተወለደችው በዚያው ዓመት፣ በእኛ በ1932 ነው። እኔ «ካዳት» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አሁን ሕጉን ሳነብ ትንሽ አዘንኩለት። ግን ፋሺስት ከወደቀ በኋላ ደብዳቤ አትጻፍ ያለው ማንም የለም፤ ስለዚህ ጨርሶ አልማርኩትም።

ጅማ በእኛ በሰኔ 1933 ስትያዝ ተገደለ የሚባለውም ልክ አይደለም። ያኔ ብዙ ምርኮኛ ወደ ኬንያ ተግዟል። እሱም ከኬንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ከተመለሱት ዝርዝር ውስጥ ከነመንደሩ ሰፍሯል። ከዚያ የሠርጉ ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የሞቱ ማስታወቂያ ወጣ፤ «አፍሪካ ሹፌር የነበረ» ይላል፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹንም በስም ይጠራል።

እንግዲህ ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች በሕይወት ካሉ የእማማ ወንድምና እህት መሆናቸው ነው። ልጻፍላቸው ወይስ ይቅር? ገንዘብ ፈልጋ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከእርስዎ ፈቃድ ውጪ ምንም አላደርግም። እማማንም ድንገት አያስደንግጧት፤ ቡና ላይ ጨዋታ አስመስለው እናቷ ስለ ካሚዮን፣ ስለ ጅማው ሰፈር ስለ ፈረንጅ አራዳ ያወራችላት ነገር ካለ ይጠይቁልኝ። የጋዜጣውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ፤ ማሳየቱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ለመድኃኒቷ የላክሁት ብር ሲደርስ አንድ መልእክት ይላኩልኝ። ጎረቤቶችን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ