ብልጭ ድርግም ያለችው ባቄላ፦ የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የኮምፒውተር ላባችንን ታውቁታላችሁ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። መስከረም ላይ 24 አባላት ሲመዘገቡ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 7 ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እየተገናኘን የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ድረ ገጽ በሚሠራባቸው በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ጨረስን። መብራት በመጥፋቱ 5 ሐሙሶች ባክነውብናል። "እዚያ ጌም ነው የሚጫወቱት" የሚለው ወሬ መምህራን ማረፊያ ድረስ ስለደረሰ ግን ልጆቹ የሠሩትን በዝርዝር መናገር ግዴታዬ ነው።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት፣ ከግቢያችን ጀርባ ላለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ3ኛ ክፍል ልጆች የባቄላን አበቃቀል የሚያሳይ አኒሜሽን ሠራን። አባላቱ 8 ሥዕሎች በእጃቸው ሣሉ፦ ፍሬዋ ስታብጥ፣ ሥር ስታወጣ፣ አጎንብሳ ከአፈር ስትወጣ፣ ቅጠል ስትዘረጋ። ሥዕሎቹን በስልክ አንስተን ወደ ኮምፒውተር አስገባናቸው፤ በሴኮንድ 8 ሥዕል እንዲቀያየርም አደረግን። በላባችን ብራውዘር (የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም)፣ በክሮም ላይ፣ ያለ አንዳች እንከን ሠራ።

ሚያዝያ ላይ በፍላሽ ይዘነው ሄድን። እዚያ ያሉት ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ኤክስፒ ናቸው፤ ብራውዘራቸውም እ.ኤ.አ. በ2001 አብሮት የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 አቁሟል። አዲስ ብራውዘር እንዳናወርድ ኢንተርኔት የለም። ገጹን ስንከፍተው ባቄላችን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሥዕል፣ ነጭ፣ ሥዕል፣ ነጭ። ፊት የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወዲያው ዘጋሁት። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በሴኮንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር ገጽ ላይ እንዳይኖር የሚያሳስበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ልጆቻችን አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። እኔም ሞኒተሩ አርጅቶ ነው ብዬ አጽናናኋቸው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል ግን ይህን አልተቀበለችም። በሳምንቱ "ቲቸር፣ እንመለስና ስልክዎን ያውሱኝ" አለችኝ። ሄድን። ስክሪኑን በቪዲዮ ቀረጸችና እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቪዲዮውን በጣቷ ቀስ እያለች ገፋችው። ድንገት ቀና ብላ "ይዩት፣ ሥዕሎቹ ደህና ናቸው። በመሃላቸው ግን ባዶ አለ" አለች። በ11 ዓመት የማስተማር ሥራዬ ተማሪ እንዲህ አርሞኝ እንዲህ ደስ ያለኝ ጊዜ አላስታውስም።

ነገሩ እሷ ያለችው ነበር። ኮዳችን 8ቱን ሥዕሎች በየተራ ገጹ ላይ ላለ አንድ ሳጥን የጀርባ ሥዕል ያደርጋቸዋል። በዚያ ማሽን ላይ ብራውዘሩ ሥዕሉን አንዴ አምጥቶ እንደመያዝ፣ በተቀያየረ ቁጥር እንደ አዲስ ሊያመጣ ይሄዳል፤ እስኪመጣ ሳጥኑ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል። የእኛው ክሮም ሥዕሎቹን ስለሚይዛቸው ጉድለቱን ሸፍኖልን ኖሯል። ስለዚህ 8ቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ቀጥለን አንድ ረጅም ሥዕል አደረግናቸው። አንድ ሥዕል ብቻ የምታሳይ መስኮት ሠርተን ረጅሙን ሥዕል ከኋላዋ በየተራ ወደ ግራ እናንሸራትተዋለን። ሥዕሉ አንዴ ከገባ ወዲያ የሚጠበቅ ነገር ስለሌለ ባዶም የለም። መጀመሪያ ላይ ረጅሙ ሥዕል ከመስኮቷ አልፎ ገጹ ላይ ተዘረጋ፤ ያ ብራውዘር መስኮቷ ላይ አንዲት ተጨማሪ የሲኤስኤስ መስመር እንደሚፈልግ ለማወቅ ሁለት ሐሙስ ፈጀብን። ፍጥነቱንም በሴኮንድ ወደ 2 ሥዕል ዝቅ አደረግነው፤ ሕፃናቱ ሥሯን አይተው ሳይጨርሱ ቅጠል ላይ ትደርስባቸው ነበር።

ግንቦት ላይ እንደገና ሄድን። ባቄላዋ ሳትንቀጠቀጥ አደገች። ያ ዓይኑን የሸፈነው ልጅ ተነሥቶ መጥቶ ጣቱን ሥሯ ላይ አሳረፈና "እንደገና" አለ። የ10ኛ ክፍሏ ልጅ እሱ እስኪበቃው ድረስ ደጋግማ ከፈተችለት።

ያልተሳካልንም አለ። ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ቃል የገባነውን ገጽ አልጨረስንም፤ ሁለት ኮምፒውተሮችም ተቃጥለው 5 ቀርተውናል። ለስፖርት ክበባት አዲስ መለያ በተገዛበት ዓመት እኛ አንድ ማውስ ለአራት ተጋርተናል። ማልያው ይገባቸዋል፤ ለእኛም ግን ማውስ ይገባናል። የምንጠይቀው 10 ማውስ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራችንን የምናስቀምጥበት 2 ዩፒኤስ እና ቅዳሜ ጠዋት የላቡን ቁልፍ ነው። ማመልከቻው በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) እጅ ይገኛል። የዚያን ቀኑን ቪዲዮ ከስልኬ አላጠፋሁትም፤ ማየት የሚፈልግ ወላጅም ሆነ የሥራ ባልደረባ ሐሙስ ላብ ይምጣና ላሳየው።