አባዬ፣ መርከቡን አንተ ምረጥ

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ፣ ጉልበትህስ እንዴት ነው? ይሄን በቴሌግራም ለእህቴ ልኬላት ነው፣ በትልቁ ፊደል ፕሪንት አድርጋ እንድትሰጥህ፣ ስልክ ላይ ካነበብከው ግማሹን ትዘለውና በኋላ "መች ነገርሽኝ" ትለኛለህ። ደሞ በስልክ ሳወራህ መርከብ የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ "ኔትወርኩ አስቸገረ" ብለህ የምትዘጋውን ነገር ነቅቼብሃለሁ እሺ። ስለዚ በጽሑፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቪዛው ከወጣና በሐምሌ እኔ ጋ ኖርዌይ፣ በርገን ከመጣህ ቤት ቁጭ ብለህ ዝናብ ስታይ እንድትሰነብት አልፈልግም (እዚህ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይዘንባል፣ የአዲስ አበባን ክረምት ሸሽተህ ሌላ ክረምት ውስጥ ነው የምትገባው)፣ እና በባሕር ዳርቻው ይዘን ወደ ሰሜን እንሂድ ብዬ ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ክሩዝ (የሽርሽር መርከብ) ሳማርጥ ከረምኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ትልልቆቹን ነው። ወደቡ ከመስኮቴ ይታየኛል፣ በሰመር አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን አንድ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ተሠርቶ ያደረ ነው የሚመስለው፣ ሦስት አራት ሺህ ሰው የሚጭን፣ ላዩ ላይ መዋኛ፣ ቲያትር፣ ካዚኖ ሳይቀር ያለው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ እናቷን በእንደዚህ ዓይነቱ ወስዳቸው ነበር፣ ደስ ብሏቸው ተመለሱ፣ ግን ምን አያችሁ ስላቸው የነገሩኝ ስለ ቡፌው ብቻ ነው። ላንተ ይሄ አይሆንም። ላንጋኖ የወሰድንህ ጊዜ ምን እንዳልክ አልረሳውም፣ ዳር ላይ ቆመህ፣ እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ፣ አየት አደረግከውና "ይሄ ገንዳ ነው" ብለህ ወደ መኪናው ተመለስክ። እኛ በሳቅ ሞትን። ከባሕር ኃይል ከወጣህበት ከ1983 ወዲህ ባሕር የሚባል ነገር አይተህ እንደማታውቅ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚ ሌላ ነገር አገኘሁልህ። እዚህ ሁርቲሩተን የሚባል የመርከብ መስመር አለ፣ ፈጣኑ መስመር እንደማለት ነው፣ በፈረንጅ 1893 ሪቻርድ ቪት የሚባል ካፒቴን የጀመረው። ያኔ ሰሜኑ መንገድ የለው ባቡር የለው፣ በክረምት ደብዳቤ ለመድረስ ወራት ይፈጃል፣ ዳርቻው ደግሞ ድንጋይና ደሴት ብቻ ስለሆነ ማታ መንዳት የሚደፍር አልነበረም፣ እሱ ግን አቅጣጫውን በኮምፓስ፣ ፍጥነቱንና ሰዓቱን እየመዘገበ በጨለማ ነዳው። ይሄን ሳነብ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። መስመሩ እስከ ዛሬ አለ፣ አሁን ሁለት ኩባንያዎች ተካፍለውታል፣ በየቀኑ ማታ አንድ መርከብ ከበርገን ይነሳና በ34 ወደብ እየቆመ ኪርኬነስ ድረስ ይሄዳል፣ ራሺያ ድንበር አጠገብ ማለት ነው። ቱሪስት ይጭናል፣ ግን ከአንዱ መንደር ወደ ቀጣዩ የሚሄዱ አሮጊት ከነዘምቢላቸውም ይሳፈራሉ፣ ከታች በሩ ተከፍቶ በፎርክሊፍት ጭነት ይወርዳል ይወጣል፣ አንዳንዱ ወደብ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚቆመው፣ ያውም በእኩለ ሌሊት። ካዚኖ የለም፣ ጭፈራ የለም። ሥራ ላይ ያለ መርከብ ነው በአጭሩ፣ አንተ ደግሞ ሥራ ላይ ያልሆነ ሰውም ዕቃም ያበሳጭሃል።

ደርሶ መልስ 12 ቀን ነው፣ የጉዞ ኤጀንቷ እሱን ውሰጂ ብላ ድርቅ አለች፣ ሲሄዱ በሌሊት ያለፉትን ወደብ ሲመለሱ በቀን ያዩታል ነው ምክንያቷ፣ እውነቷን ነው ግን የኔ እረፍትም ያንተ ወገብም አይችለውም። መሄጃውን ብቻ እንያዝ፣ ሰባት ቀን ስድስት ሌሊት፣ ከኪርኬነስ በአውሮፕላን እንመለሳለን።

ቀኑን የመረጠልን ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ጾሙ። የሐዋርያት ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ መሃል ያለችው ሃያ ስድስት ቀን ናት። ይሄን ለኤጀንቷ ሳስረዳ ካልኩሌተር አውጥታ ነበር። ሐምሌ 7፣ በሥላሴ ማታ ከበርገን እንነሳለን፣ ሐምሌ 12፣ በሚካኤል ኖርድካፕ እንደርሳለን፣ 307 ሜትር ገደል ነው አሉ፣ ከሱ ወዲያ የሚታይህ ባሕር ብቻ። ደሞ በዛ ሰሞን እዛ ላይ ፀሐይ አትጠልቅም፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዴክ ላይ ወጥተህ ዳዊትህን ያለ መብራት መድገም ትችላለህ። ረቡዕና አርብ አታስብ፣ በሶና ሽሮ እይዛለሁ። እዛ የሚኮሩበት ግዙፍ ሸርጣን አለ፣ እሱን ሳያመጡልን በፊት አስጠነቅቃቸዋለሁ።

ምን ታያለህ ላልከኝ (ባትለኝም)፣ ተራራው ቀጥ ብሎ ከባሕር ነው የሚወጣው፣ ስሜንን ወገቡ ድረስ ውሃ ሞልተህ አስበው። ሎፎተን የሚባሉ ደሴቶች ላይ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ያለ ጨው በእንጨት ላይ ሰቅለው በነፋስ ያደርቁታል፣ የዓሣ ቋንጣ በለው፣ እኛ ስንደርስ ግን አውርደው ጨርሰውት ይሆናል። እኔ እንድታይልኝ የምፈልገው ትሮልፊዮርድን ነው፣ አፉ ላይ መቶ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ ሁለት ኪሎ ሜትር የምትገባ ቀጭን መተላለፊያ ናት፣ አየሩ ከፈቀደ መርከቡ ይገባባትና ጫፉ ላይ ባለበት ይዞራል፣ ግድግዳውን የነካው እስኪመስልህ። ትልልቆቹ ክሩዞች እዛ አይሞክሯትም። አንተ አጠገቤ ቆመህ "ግራውን ቀንስ፣ ቀንስ" ስትል ይታየኛል።

እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ሁሉም ቦታ በደሴት የተከለለ አይደለም፣ ክፍት ባሕር የሚመታቸው ሁለት ሦስት ቦታዎች አሉ፣ አንዱ ሁስታድቪካ ይባላል። በፈረንጅ 2019 መጋቢት ላይ አንድ ትልቅ ክሩዝ እዛው ማዕበል ውስጥ ሞተሩ ሁሉ ጠፍቶበት ከ1,300 በላይ ሰው ይዞ ወደ ድንጋዩ ሲገፋ ነበር፣ 479 ሰው በሄሊኮፕተር አወጡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልሞተም። ምክንያቱ ሲጣራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ የሞተሩ ዘይት መጠኑ ጎድሎ ነው! መርከቡ ሲናወጥ ሞተሮቹ ዘይት አጥተው በራሳቸው ጠፉ። "ዘይት ሳይለካ ማነው የወጣው" ብለህ ስትጮህ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። እኛ በሐምሌ ነው የምንሄደው፣ ባሕሩ ያን ያህል አይከፋም፣ የሚያስመልሰኝ እኔን ነው፣ አንተ ሎሚ ትይዝልኛለህ።

አሁን ያንተን ውሳኔ የሚፈልገው ነገር። ሁለት ዓይነት መርከብ አለ። አንደኛው ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ነፍስ ያለው፣ ሲሄድ ወለሉ እግርህ ስር የሚንዘረዘር። ሌላው አዲስ ነው፣ በጋዝና በባትሪ የሚሄድ፣ ጌይራንገር የሚባለው ፊዮርድ (በተራሮች መሃል የገባ የባሕር ክንድ) ውስጥ ሲገባ ሞተሩን አጥፍቶ በባትሪ ብቻ እስከ አራት ሰዓት መሄድ ይችላል፣ የፏፏቴው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው ይላሉ። (እዛ ፊዮርድ ከ10,000 ቶን በታች የሆኑት በፈረንጅ ከ2026 ጀምሮ ጭስ እንዳያወጡ ታዘዋል፣ ትልልቆቹ ግን እስከ 2032 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፣ ብዙ የሚያጨሰው ቆይቶ ትንሹ ቀድሞ መታዘዙ አይገርምም?) ሰው ሁሉ ባትሪውን ውሰጂ ይለኛል። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም እሱን ነበር የምይዘው። አንተ ግን በባሕር ኃይላችን "ኢትዮጵያ" መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው ያደግከው፣ ምፅዋ ሙቀት ላይ የዲዝል ሙቀት ተጨምሮ፣ እማዬ ነፍሷን ይማረውና "ሞተር ካልጮኸ እንቅልፍ አይወስደውም" ትል ነበር። ስለዚ አላውቅም። ከታች፣ ሞተሩ አጠገብ ያለች ካቢን አለች፣ መስኮት የላትም፣ ዋጋዋም ርካሽ ነው፣ ለማንም አልመክራትም፣ ላንተ ግን ጠየቅኩ።

አንድ ነገር ነግሬህ አላውቅም። እማዬ ቡና ስትሰጥህ "ታክ" ትላት አልነበር? እኛ ልጅ ሆነን የቡናው ሲኒ ድምፅ ነው ብለን እናስብ ነበር፣ እየተከተልንህ ታክ ታክ እንል ነበር። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ መልስ ሰጥታኝ "ታክ" ስትለኝ እዛው ደርቄ ቀረሁ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ለካ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ለካ ከዛ ባሕር ኃይል ሳለህ ካስተማረህ ኖርዌጂያን የያዝከው ነው። ስለሱ የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በሙቀቱ ቀይ ሆኖ እያላበው ስለ አገሩ ባሕርና በረዶ ሲነግራችሁ እናንተ ውሸታም እንደምትሉት። እንግዲህ ና እና እውነቱን ይሁን ውሸቱን እይለት።

ካቢኑን እስከ ግንቦት ሚካኤል ብቻ ነው የሚይዙልኝ። ባትሪ ወይ ዲዝል፣ አንዱን ለእህቴ ንገራት፣ ፓስፖርትህንም ስጣት ኮፒ ታድርገው፣ ፎቶው ላይ ደሞ ያለ ኮፍያ። ጃኬት ገዝቼልሃለሁ፣ ነፋስ የማያስገባ፣ ሰማያዊ ነው።

ልጅህ